በድምፁ ሰዓት ባዶ የነበረው ወንበራችን

ውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ፣ ሴቶቹ ልጆችህስ ደኅና ናቸው? ከሁሉም በፊት ግን የእህታችንን ጤና ንገረኝ። ስኳሯ እንዴት ሆነላት? መርፌዋ ደረሰላት ወይስ መድኃኒቱ ዛሬም የሰው ወደብ ላይ ፀሐይ እየመታው ነው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ሰላምታ አሳጠርክ ብለህ አትቀየመኝ፤ አንጀቴ አርሮ ነው የምጽፍልህ።

ልጅህን የአገራችን መልእክተኛ አድርገህ እኔ ወደማገለግልበት ወደዚህ የአገሮች ጉባኤ ስትልከው ደስ ብሎኝ ነበር። ባለፈው ማክሰኞ፣ የባሕር በር የሌላቸው አገሮች መድኃኒት ወደብ ላይ ከሦስት ቀን በላይ እንዳይያዝ የሚለው አንቀጽ ለድምፅ ቀረበ። አንቀጹን ያመጣነው እኛው ነን። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ ያ መነጽሩን በክር ያሰረ መልእክተኛችን ብቻውን ተነሥቶ ሲናገር በሩ ላይ ቆሜ ሰምቼዋለሁ። ሳቁበት። በዓመቱ ስድስት አገር ተከተለው፤ እያለ እያለ ግማሹ አዳራሽ ከኛ ጋር ሆነ።

ማክሰኞ ዕለት ታዲያ ድምፁ ሠላሳ አንድ ለሠላሳ አንድ ወጣ። እኩል ሆነና ወደሚቀጥለው ወር ተላለፈ። የኛ ወንበር ባዶ ነበር! ልጅህን የወደቡ ባለቤቶች ልክ በዚያች ሰዓት ምሳ ጋብዘውት ነበር። በሬ ካራጁ ይውላል ሲባል እሰማ ነበር፤ ከረባት አስሮ ሲውል ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።

ሲመለስ ኮሪደር ላይ ያዝኩት። «ጋሼ፣ እኛ ትንሽ አገር ነን፤ ብንቀመጥ ባንቀመጥ ማን ይሰማናል? እርስዎ ወንበርዎን ይጥረጉ» አለኝ።

እጠርጋለሁ! ሃያ ስድስት ዓመት ጠርጌያለሁ። የትምህርት ቤት ደጃፍ ባልረግጥም፣ ጠረጴዛ ላይ ጥለውት የሚሄዱትን ረቂቅ ሁሉ መዝገበ ቃላት ይዤ አንብቤያለሁ። የአገር ስም የሚጻፍባቸውን ሰሌዳዎች የማሠራው እኔ ነኝ፤ የትልቁም የትንሹም አገር ሠላሳ ሳንቲሜትር ነው። ከበሩ ውጭ በመርከብም በገንዘብም ይበልጡናል። እዚያ ውስጥ ግን አንድ ወንበር አንድ ድምፅ ነው። ልጅህ ያችኑ ለአንድ ሳህን ዓሣ ለቀቃት። የማይክ ሠራተኛው፣ እሱም እንደኛ የትንሽ አገር ሰው ነው፣ «የናንተ ማይክ እኮ አይበላሽም፤ የሚነካው የለማ!» ብሎ ቀለደብኝ።

አንተ ለሥራ ስትንከራተት ያንን ልጅ አዝላ ያሳደገችው እህታችን ናት። አምና ሁለት ወር ወደብ ላይ የከረመ መድኃኒት ተወግታ እንዴት እንደወደቀች የጻፍክልኝም አንተው ነህ። ታዲያ ይህን ለልጅህ አልነገርከውም?

አንተም ከጥፋቱ አታመልጥም፤ የሹመቱ ወረቀት ላይ በሥልጣንህ የፈረምከው አንተ ነህ። «ልጅ ነው፣ ይማራል» አትበለኝ። በእህታችን ደም አይማርም። ድምፁ የሚሰጠው ታኅሣሥ አሥር ቀን፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ወይ ሌላ ሰው ላክ፣ ወይ ራስህ ና። አማላጅ እንዳትልክብኝ፤ አልሰማም።

ባለቤትህን ሰላም በልልኝ። ሴቶቹን ልጆችህን ሳምልኝ፤ ትንሿ ትምህርቷን ትበርታ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊውን እንዴት ነህ በልልኝ። ለልጅህ ሰላምታ የለኝም። እህታችንን ግንባሯን ስመህ፣ መድኃኒቷ ለምን እንደዘገየ ስትጠይቅህ «ወደብ ላይ ነው» ብለህ አትለፋት። ያሳደግሽው ልጅ ምሳ ላይ ስለነበር ነው በላት። አንተ ካልነገርካት እኔው እጽፍላታለሁ።

ታላቅ ወንድምህ

ከስብሰባው አዳራሽ ምድር ቤት፣ ከሠራተኞች ክፍል
ሐሙስ፣ ኅዳር 6 ቀን