ከሞምባሳ የመጣው ውሃ

ሰኞ፣ ጥር 3 ቀን 2002
ጠዋት እንደ ልማዴ ኬሚስትሪ አስተማርኩ። ከሰዓት ካስተም ገበያ ወረድኩ። ሾፌሩ ኢስሃቅ ከሞምባሳ አንድ ጀሪካን የባሕር ውሃ አምጥቶልኛል። «ያ ኡስታዝ፣ አንተ መምህር፣ ናይል ደጅህ እያለ የጨው ውሃ?» ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ... ባሕር አይቼ አላውቅም። አዲስ አበባ ላብራቶሪ ውስጥ «ባሕር» ስል የነበረው የገበያ ጨው በጥብጬ ዩራኒየም ጠብ ያደረግኩበትን ውሃ ነው። ዩራኒየም ከውሃ እንዲስብ የሠራሁት ክር እዚያ ውስጥ ዩራኒየሙን ልቅም አድርጎ ያዘ። በእውነተኛው ባሕርም ከያዘ ማስተርሴ አለቀ። አንድ ጠርሙስ ቀድቼ ክር ነከርኩ። የጀሪካኑን ነገ።

ማክሰኞ፣ ጥር 4
ጉድ ሆንኩ! ባለቤቴ አዲዩ ጀሪካኑ ውስጥ ሻብ ጨመረችበት። የወንዙን ድፍርስ ውሃ እንደምታጠራው።
«ደፍርሶ ሳየው... ለመጠጥ መስሎኝ...»
ሻብ ውስጥ አሉሚኒየም አለ። ክሩ ላይ የዩራኒየሙን ቦታ ቢሻማስ? ጮህኩባት። «የስደተኛ ካምፕ ያደገ ሰው ምን ያውቃል!» አልኳት። እኔስ የት ነው ያደግኩት?

ረቡዕ፣ ጥር 5
የለችም። ማንጋቴን ሰፈር፣ እናቷ ቤት ሄዳለች። ጀሪካኑም ውስጥ ክር ነከርኩ። ከመድፋት ይሻላል።

ሐሙስ፣ የካቲት 11
ሁለቱንም ክሮች ለምርመራ ላክሁ። አዲስ አበባ፣ ለአማካሪዬ ለዶክተር ገብረየስ። ማንጋቴን አልሄድኩም። ያጠፋችው እሷ... እሷ ትምጣ።

ዓርብ፣ መጋቢት 10
ዶክተር ገብረየስ ደወሉ።
«አክዋይ፣ ሁለቱም ያው ናቸው። ዩራኒየሙ ትንሽ ነው። ቦታውን የያዘው ቫናዲየም ነው።»
«ሻቡስ?»
«ሻቡን ተወው። ሻብ ያልነካው የጠርሙሱ ክርም እንደዚያው ነው። ቫናዲየም ባሕር ውስጥ ድሮም አለ። የሌለው አንተ በበጠበጥከው ባሕር ውስጥ ነው።»
ማንበብስ አንብቤ ነበር። የኔ ክር ይመርጣል ብዬ ናቅሁት። የሁለት ዓመት ልፋት... እንደገና ጀምር አሉኝ። ከምን ልጀምር? ከሁሉም በላይ ያፈርኩት አዲዩ ላይ በመጮኼ ነው።

እሑድ፣ መጋቢት 12
ማንጋቴን ሄድኩ። አዲዩ ልብስ እያሰጣች ነበር። ውጤቱን ነገርኳት። ጥፋቱ ያንቺ አልነበረም፣ ይቅር በይኝ አልኳት። እጇን ሳታቆም ሰማችኝ።
«ጥፋቱ የሻቡ ሆኖ ቢገኝስ... ትመጣ ነበር?»
የቀረውን ልብስ አስጥታ ጨረሰችና ገባች። እኔም ተመለስኩ። መልሱ የመጣልኝ መንገድ ላይ ነው።
አልሄድም ነበር።