የቀኝ ትከሻዬ ነገር

ድሬዳዋ፣ ሐሙስ ከሰዓት

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም እማዬ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? ደም ግፊትሽስ? ኪኒኑን እየዋጥሽ ነው ወይስ እንደ ልማድሽ ለጎረቤት እያደልሽ? እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። ማለቴ ባሌ ዘካሪያም ልጆቹም ደህና ናቸው። እኔ ግን ፈርቻለሁ። በስልክ እንዳልነግርሽ ድምፄ ያሳጣኛል። መሠረተ ትምህርት ያስተማረሽን ሰው አላህ ይስጠውና ይኸው ጻፍኩልሽ። ፊደሉ ቢንጋደድ አትሳቂ፤ ክንዴ ጠረጴዛ ላይ አልወጣ ብሎኝ ጭኔ ላይ ነው የምጽፈው።

ነገሩ ያ የቀኝ ትከሻዬ ነው። ፋብሪካ ውስጥ የጨርቅ ጥቅል ሳወርድ ከመሰላል ወድቄ ገጠር ዋሂል ድረስ አንቺ ጋ የመጣሁበት። አምስት ወር ሆነው። ወልቋል ብለሽ የሰሊጥ ዘይት ቀባሽኝ፣ ቢስሚላህ ብለሽ ሳብሽው፣ ቀጭ ሲል ገባ ብለሽ እልል አልሽ። እኔም እያለቀስኩ ሳቅሁ። አርባ ዓመት ሙሉ የሰው አጥንት ያቀና እጅ ነው፤ ማን ይጠራጠራል?

አልገባም እማዬ። ደህና ነኝ እያልኩ ስዋሽሽ ከረምኩ። ፀጉሬን የምታበጥርልኝ ሂንዳ ናት፤ ኧረ የአስር ዓመት ልጅ እናቷን ታበጥራለች! በቀኝ ጎኔ ከተኛሁ ቆየሁ። ኪኒን ወሰድኩ፣ መርፌ ተወጋሁ፣ ሦስት ወር ሙሉ ፊዚዮቴራፒ ተመላለስኩ፤ ጣቶቼን እንደ ሸረሪት ግድግዳ ላይ እያስወጣሁ። እጄ ከደረቴ በላይ አልሄድ አለ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ግን ረጋ ያለ። ትከሻውን ያመመው ሁሉ ቀዶ ጥገና አያስፈልገውም፣ ብዙው በእረፍትና በስፖርት ይድናል አለኝ። የኔ ግን መጀመሪያም አልወለቀም። ጅማቱ ነው ሙሉ በሙሉ የተበጠሰው፣ ከአጥንቱም እየሸሸ ነው። ከቆየሁ ጡንቻው ይሟሽሻል፣ ያኔ ቢሰፋም አይይዝም አለ። የተተለተለ ጨርቅ ስፌት እንደማይዝ ለኔ ማስረዳት አላስፈለገውም።

ከዚያ፣ ከወደቅሽ በኋላ ክንድሽን የጎተተው ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የለም አልኩት። መታጠቢያ ቤት አዳልጦኝ ደግሜ ወድቄ ነበር አልኩት። ዘካሪያ አጠገቤ ተቀምጦ ጫማውን ያይ ጀመር። ግቢ ውስጥ በባልዲ እንደምንታጠብ ታውቂያለሽ።

ማክሰኞ ጠዋት የቀዶ ጥገናውን ወረቀት ፈርሜ እገባለሁ። ዘካሪያ ፈርሚ ይላል። ማህደር የምትባል የሥራ ጓደኛዬ ደግሞ አጎቷ ማደንዘዣ ተወግቶ በዚያው እንደቀረ ነገረችኝ። ብነቃስ? ክንዴ ስድስት ሳምንት ታስሮ፣ ከዚያም ስንት ወር ልምምድ፤ ፋብሪካው ይጠብቀኛል? ባልፈርምስ፣ በአርባ ዓመቴ በአንድ ክንድ ልቅር? ሰባት ጊዜ ወስኜ ሰባት ጊዜ ተውኩት። አሁን ግን እየፈራሁም ቢሆን እፈርማለሁ።

ሁለት ነገር ልለምንሽ። የጎረቤትሽ የሻሚስ ባል ከግመል ወድቆ ትከሻውን ሊያሳይሽ እንደሚመጣ ነግረሽኝ ነበር። እባክሽ አትሳቢው። መጀመሪያ ከተማ መጥቶ ይመርመር። ደክሞኛል በይው፣ እጄን አሞኛል በይው፣ ያሻሽን በይው። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ።

ሌላው፣ ሰኞ በሾፌሩ በዓደን መኪና ነይ። ማክሰኞ ስነቃ መጀመሪያ እጅሽን ማግኘት እፈልጋለሁ። ልጅ ሆኜ ትኩሳት ሲይዘኝ እንደምታደርጊው ግንባሬ ላይ አድርጊልኝ። ግንባሬ ላይ ብቻ፣ እማዬ።

አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ እጅሽንም ይባርከው። በዱዓሽ አትርሺኝ።

የበኩር ልጅሽ