በጠርሙሱ አናት ላይ ስላለችው እጅ

ለተከበሩ የብርቅዬ ጠርሙሶች አዳራሽ ዳይሬክተር፣ የልጄን እጅ ለጨረታ ላቀረቡት ሰው፤

በቅድሚያ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ለኮኛኮቹ ሲባል ያለማቋረጥ የሚነፍሰው ቀዝቃዛ አየር ለእርስዎም ተርፎ፣ ዕድሜዎን እንደ መጠጦችዎ ያርዝምልዎ። እኔ የአዳራሹ የጽዳት ሠራተኛ ነኝ። ብዙ ጊዜ የሚያዩት ጎንበስ ያለ ጀርባዬን ስለሆነ በመልክ ባያውቁኝ አልቀየምም።

አንደኛ፤ በመካከለኛው የመስተዋት ሳጥን ውስጥ ብቻዋን መብራት የበራላትን ጠርሙስ ታላቅ ሠዓሊ እንደ ነደፋት ለእንግዶች ሲያስረዱ ሰምቼ ኮርቻለሁ። ክዳኗ ከክሪስታል የተሠራች የሴት እጅ ናት። ከሥሯ ያለው ካርድ «ከሠዓሊው ምናብ የፈለቀች እጅ» ይላል። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ስለሆነ ቀስ ብዬ ነው የማነበው፤ ስለዚህም ምንም አላመለጠኝም። ያቺ እጅ የልጄ ናት። ልጄ በሠዓሊው ወርክሾፕ ብሩሽ ታጥብ ነበር፤ አንድ ቀን እጇን በጀሶ ሸፍኖ ቅርጿን ወሰደ። ቤት ስትገባ «እማዬ፣ እጄ ከዛሬ ጀምሮ ባለሥልጣን ሆናለች፤ ዕቃ አላጥብም» ብላ አሳቀችኝ። ዕቃውን ግን አጠበችው። ትንሿ ጣት ለምን እንደ ተጣመመች ሠዓሊውን ቢጠይቁት ስለ ውበት ይነግርዎታል። እኔን ቢጠይቁኝ፣ በሕፃንነቷ ንፋስ የወረወረው በር ጨፍልቋት ነው። ምናብ በር ጨፍልቆት አልቅሶ አያውቅም።

ሁለተኛ፤ ልጄ ባለፈው ዓመት ሳንባዋን ታማ ሞተች። የቀረኝ ፎቶዋ ነው፤ ፎቶ ደግሞ አይጨበጥም። እናም ጠርሙሷ ከመሸጧ በፊት፣ ታጥቤ፣ እርስዎም አጠገቤ ቆመው እያዩኝ፣ ያቺን እጅ አንድ ጊዜ እንድይዛት አመለከትኩ። «እናቴ፣ የሰው እጅ ወዝ ዋጋዋን ይቀንሳል» አሉኝ። ዕድሜ ልኬን በወዜ ያደርኩ ሴት ነኝና ስለ ትምህርቱ አመሰግናለሁ። ስወጣም «ሐዘንተኛ እናት ልጇን የማታይበት ነገር የለም» ብለው ለጸሐፊዎ ሲነግሯት ሰምቻለሁ። ስለ ርኅራኄዎም እንዲሁ።

ሦስተኛ፤ ጨረታውን የሚያሸንፈው ሰው ከዚያች እጅ ጋር ተጨባብጦ ፎቶ ይነሣል ተብሏል። የእርሱን ወዝ በተመለከተ የተነገረ ነገር የለም። ከዚያ በኋላ ባሕር ተሻግራ ትሄዳለች።

አራተኛ፤ ኮኛኩ በበርሜል የኖረው ልጄ በምድር ላይ ከኖረችው በላይ ነው። ለመጠጥ እርጅና ማዕረግ እንደሆነ ከእርስዎ ተምሬያለሁ። እኔም ስላረጀሁ በጨረታው ዕለት «እቤትሽ አረፍ በዪ» ተብያለሁ። በሥራ ዘመኔ ሳልለምን ዕረፍት ሲሰጠኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ደብዳቤውን ማን እንደ ጻፈልኝ መጠየቅዎ አይቀርም። ራሴ ነኝ። ያስተማረችኝ ልጄ ናት። ከኋላዬ ቆማ እጇን በእጄ ላይ ጭና እርሳሱን አብረን እንገፋው ነበር። «እማዬ፣ አንቀሽ አትያዢው፤ እርሳስ እኮ ነው፣ መጥረጊያ አይደለም» ትለኝ ነበር። እና የእጇን ክብደት አውቀዋለሁ። የጠርሙሷን ዋጋ እርስዎ ይወቁት። እኔ ማወቅ የምፈልገው ያቺ ክሪስታል ያንን ክብደት ይዛው እንደሆነ ብቻ ነው።

እባክዎ። እዚህ ላይ ማሽሟጠጡን ትቻለሁ። ከመሄዷ በፊት አንድ ጊዜ ያስይዙኝ። ጓንት አድርጊ ካሉኝ አደርጋለሁ። ተንበርከኪ ካሉኝም ወለሉን ስወለውል ለምጄዋለሁ።

መስተዋቶችዎን በማጥራት በእንግዶች ፊት ስታስመሰግንዎ የኖረች፣ ስሟን ጠይቀዋት የማያውቁ ታዛዥዎ፣
የባለ እጇ እናት

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ዛሬ ጠዋት በሳጥኑ መስተዋት ላይ፣ ልክ ከእጇ ፊት ለፊት፣ የመዳፍ አሻራ ያያሉ። የእኔ ነው፤ መድረስ የቻልኩት እስከዚያ ድረስ ነው። የእንግዶችዎን አሻራ ሁሉ ስጠርግ ኖሬያለሁ። ይህን እንዲያጠፋ ሌላ ሰው ይዘዙ። እኔ ከእንግዲህ ያንን መስተዋት አልወለውልም።