የጋሽ ዓብዩ ታክሲ እህት

ሐምሌ 15 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ

ሳሌምዬ፣ ለመናገር ይከብደኛል። አባትሽ ጋሽ ዓብዩ በሰይቼንቶ ታክሲያቸው ሲያደርሱን ከትምህርት ቤቱ በር ራቅ ብዬ የምወርደው በታክሲዋ አፍሬ ነው።

ዛሬ ለክረምት ዕረፍት ቤቱ ያረፍኩበት አጎቴ ወንድይራድ የድሮ መኪኖች ትርዒት ወሰደኝ። አባርት የምትባል ቀይ፣ ትንሽዬ የጣሊያን የውድድር መኪና ሰው ከቧት ነበር። ባለቤቷ፣ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ፣ የኋላ ክዳኗን ሲከፍቱ አጎቴ ጮኸ፦ «ውይ፣ ይቺማ የኛዋ ሰይቼንቶ ናት! ጣሊያኖቹ ሞተሯን አጠንክረው፣ አዲስ ቀሚስ አልብሰው ለእሽቅድምድም ላኳት።» አጎቴ ሲተረጉምላቸው ሽማግሌው ሳቁና እውነት ነው፣ ዛሬ እንደሷ ያሉት የቀሩት ጥቂት ናቸው አሉ። የሁለት ተሳፋሪ ጭንቅላት እንዳይነካ ጣሪያዋ ላይ ሁለት ጉብታ አላት። ሞተሯ ሲነሳ ድምፁ ቁርጥ የአባትሽን ታክሲ መሰለኝ፤ ዓይኔን ጨፍኜ አንቺና እኔ ከጉብታዎቹ ሥር ሆነን በደመና ውስጥ ስንንሳፈፍ አየሁ።

ሽማግሌው ፈገግታዬን አይተው «አንቺስ የት ታውቂያታለሽ?» ሲሉኝ ግን አንገቴን ደፋሁ።

«ምላስሽን አዲስ አበባ ረሳሽው እንዴ?» አለኝ አጎቴ።

ፖስት ካርዱ ሞላ። እናትሽን ሳሚልኝ፤ አንቺም አትቀየሚኝ። ትርዒቱ ነገም አለ። ተመልሼ ሄጄ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ለሽማግሌው የመኪናቸው እህት አዲስ አበባ ታክሲ እንደሆነችና እኔን ትምህርት ቤት የምታደርሰኝም እሷ እንደሆነች እነግራቸዋለሁ።

ዕድላዊት