ሁለቱም ደህና ናቸው

ከሚሴ፣ ታኅሣሥ 1996 ዓ.ም.

ለሙኒር አባት፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ነጋ ጂርታ? የጅቡቲ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናትህን ጉልበታቸውን ያማቸዋል እንጂ ዱዓቸው አልተቋረጠም። የጨፋ ሜዳው ማሽላችንም ታጭዷል።

አንድ ነገር ሆዴን ሲበላው ሰንብቷል። ና ባልኩህ ቁጥር፣ የምሠራባት መርከብ ለጦሩ ዕቃ መጫኛ ተጠባባቂ ናት፣ ትእዛዝ በመጣ ሰዓት መነሳት አለባት፣ መራቅ አልችልም ትለኛለህ። ቆማ የምትውል መርከብ ምን ሠራተኛ ያስፈልጋታል? እውነቱን ልንገርህ፣ እዚያ ሌላ አግብተሃል ብዬ ጠርጥሬሃለሁ።

ከኢድ በኋላ የሰንበቴ ከተማው ጀይላን ግመል ሸጦ ከጅቡቲ ሲመለስ ቤት ጠርቼ ጠየቅሁት። መርከቧን አይቷታል። ቆማም ቢሆን ሞተሯን እያስነሳችሁ እንደምታሞቁ፣ ዝገቷን እየፋቃችሁ እንደምትቀቡ ነገረኝ። አሁን ትእዛዙ መጥቶ፣ ለሰላም አስከባሪው የሚጫኑ የጦር መኪናዎች ወደቡ ላይ ተሰልፈዋል አለኝ። ልቤ ረጋ አለ። ሊወጣ ሲነሳ ግን "አታስቢ፣ ሁለቱም ደህና ናቸው" አለ።

እነማን ሁለቱ? አልኩት። "እሱና የሞተር ክፍል ጓደኛው" ብሎ ጎንበስ አለና ጫማውን ማሰር ያዘ። ዓይኔን አላየም።

ሴትዮዋን ደረስኩባት ብዬ፣ ሙኒር ደውሎ እንዲያፋጥጥህ ኮምቦልቻ እሱ የሚሠራበት ጋራዥ ድረስ ሄድኩ። ባለጋራዡ ግራ ገብቶት አየኝ። "ልጅሽ ጦሩ ውስጥ በሾፌርነት ከገባ ቆየ እኮ። ከመኪኖቹ ጋር ወደ ጅቡቲ ወርዷል። አባቴ ያውቃል ብሎኝ ነበር" አለኝ።

መጀመሪያ ሁለተኛው ሰው ሙኒር እንጂ ሴት ባለመሆኑ ደስ አለኝ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። ከዚያ መናኸሪያው አጥር ሥር ተቀመጥኩ።

የደበቃችሁኝ እንደማልፈቅድ ስለምታውቁ ነው። አልፈቅድም ነበር። ንዴቴን ስትመለሱ ትሰማዋለህ። አሁን ግን ልጁ ባሕር አያውቅም። ከመኪናው ጋር ተሳፍሮ የሚሄድ ከሆነ ታች መኪናዎቹ ጋ ብቻውን አይደር፣ አጠገብህ አስተኛው። ሲያመው አይናገርም፣ ዝም ነው የሚለው፤ አንተ ጠይቀው።

ለእናትህ አልነገርኳቸውም። ሙኒር የት ቀረ ሲሉኝ ሥራ በዝቶበት ነው እላለሁ። ትናንት ግን ከሶላት በኋላ "ባሕር ላይ ያሉትን ልጆቼን ጠብቅልኝ" ሲሉ ሰማኋቸው። የወለዱት አንተን ብቻ ነው።

አላህ ባሕሩን ያለዝብላችሁ፤ ሄዶ ከመቅረት ይጠብቃችሁ። አሚን።

የሙኒር እናት