አስራ አንድ ኪሎ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ይህችን ጥያቄ እስከ ዛሬ ለወጉ ያህል ነበር የምጽፋት። መልሷን እንኳ ሳልጠብቅ ወደ ራሴ ወሬ እሮጥ ነበር። ዛሬ የጠየቅኩሽ ከልቤ ነው፤ ለምን እንደሆነ አንብበሽ ስትጨርሺ ይገባሻል። አባባ ጉልበቱን ያመዋል፣ ሲጠይቁት ግን ደህና ነኝ ይላል። እኔም ትከሻዬ ላይ ካለው ሰንበር በቀር ደህና ነኝ።

ስልኩን ትቼ ወረቀት የያዝኩት ወድጄ አይደለም። ቤቷ ያረፍሽባት አክስታችን ጠዋት ስደውል ተኝታለች ትለኛለች፣ በምሳ ሰዓት ስደውል ተኝታለች፣ አመሻሽ ላይም ተኝታለች። እንዲህ የምትተኛ እህት ኖራኝ አታውቅም። መጀመሪያ ኩርፊያ ነው ብዬ ተናድጄ ነበር፤ አንቺ ደግሞ ስታኮርፊ ለጉድ ነው።

አባባ የነፋስ ጋሪዋን፣ ያቺን በሸራ የምትሄድ የአንቺን ባለ ሦስት ጎማ፣ ለእኔ ሰጠኝ። ዓመት ሙሉ በወርክሾፑ ጥግ፣ በበርና በመስኮት ብረቶች መሀል ተሸፍና ከርማ፣ አንድ ጠዋት መሸፈኛዋን ገፈፈና ግባ አለኝ። ስምሽን አልጠራም። ከሄድሽ ወዲህ ጠርቶት አያውቅም፤ ሲብስበት “ከራስ በላይ ነፋስ” ይልና ሌላ አይጨምርም። የዘንድሮው ውድድር የፊታችን ቅዳሜ ነው። ጋሪዋን መቆጣጠር ከቻልኩ ወንበሯን በእኔ እግር ልክ ወደ ኋላ ገፍቶ ሊበይደው ወሰነ። ከተበየደ በኋላ የአንቺ እግር የመሪው ፔዳል ላይ መቼም እንደማይደርስ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። አልዋሽሽም፣ ደስ አለኝ።

ደስታዬ አንድ ከሰዓት እንኳ አልቆየም። ወደ ደረቀው ሐይቅ ወሰድናት፤ ነፋሱ ከጎን ነበር፣ መሬቱም ደርቆ ተሰነጣጥቋል። የሸራውን ገመድ ስስበው ዘይት እንደተቀባ በር ያለ ድምፅ ተንሸራተተች። መዞሪያው በርሜል ጋ ስደርስ ፔዳሉን ረገጥኩ። የፊት ጎማው ዞረ፤ ጋሪዋ ግን ቀጥ ብላ ሄደች። እንደገና ረገጥኩ፣ ጎማው መሬቱን መንከስ ትቶ ይላጨዋል። ገመዱን ለቀቅኩት። በርሜሉን በአንድ ክንድ ርቀት አልፌ፣ በሁለት ጎማ ቆሜ፣ ተመልሼ ስወድቅ ትከሻዬን ምሰሶው መታኝ። አባባ ሮጦ መጣ፤ በዚያ ጉልበቱ ሲሮጥ ያየሁት ያን ቀን ነው። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። እንዲህ ከሆነች ሰው ትቀብራለች አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳምንት አልመኝልሽም። የአንቺን የማስተካከያ ደብተር ከግድግዳው አውርደን፣ ያዘዝሽውን አንድ በአንድ አደረግን። የፊት ጎማውን ነፋስ ቀነስን። ምሰሶውን ወደ ፊት አዘነበልን፣ የወጠሩትን ሽቦዎች አጠበቅን። የኋላ ጎማዎቹ ትይዩ መሆናቸውን በሲባጎ ለካን። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚሉት፣ ፊቷ ሲይዝ ኋላዋ ይከዳል፣ ኋላዋን ስናስተካክል ፊቷ ይላጫል። በየቀኑ ወደ ሐይቁ፣ በየቀኑ ያው በርሜል። አንቺ ደግሞ በዚያ በተስተካከለ ጽሕፈትሽ “በአውራ ጣት ትዞራለች” ብለሽ ጽፈሻል። አስጠንቁለሽብኝ ነው የሄድሽው ብዬ ለአባባ ቀለድኩ፤ አልሳቀም።

ባለፈው ሐሙስ ከእህል መጋዘኑ ሦስት ሚዛን ተውሶ መጣ። በየጎማው ሥር አንዳንድ አድርገን፣ ማንም ሳይቀመጥባት መዘንናት። ደብተርሽ ዘጠና ስምንት ኪሎ ይላል። ሚዛኖቹ ተደምረው አንድ መቶ ዘጠኝ አሉ። አቀያይረን ደግመን መዘንን፣ ያው ነው። አባባ “ብረት ይወልዳል እንዴ?” ብሎ ሚዛኖቹን ይመረምር ጀመር። እኔ በጀርባዬ ተኝቼ ከወንበሩ ሥር ገባሁ። ከመቀመጫው ላሜራ ጀርባ እጄ ጨርቅ ነካ።

ሦስት ከረጢት። ከአሮጌ ሸራ የተሰፉ፣ የበር ብረት ስንበሳ በሚወድቀው ፍርፋሪ የተሞሉ። በኋላ ስመዝናቸው የመጀመሪያው አራት ኪሎ፣ ሁለተኛው አራት፣ ሦስተኛው ሦስት ሆኑ። የመጀመሪያው ስፌት እንደ ማሽን ነው። ሁለተኛውም ደህና ነው። ሦስተኛው ግን ሰፋ ሰፋ ያለና የተንጋደደ፣ እጁ የዛለ ሰው የሰፋው ነው። ጫፉ ላይ ያለው ቋጠሮ ግን የአንቺ ነው፤ አባባ እንዳስተማረሽ ሁለቴ ወደ ኋላ የተመለሰ።

ጋሪዋ ለምን እንዳልዞረች ወዲያው ገባኝ። አስራ አንድ ኪሎ ከጀርባዬ ተሸክማ፣ እኔ ደግሞ ከአንቺ ከብጄ፣ ወንበሩንም ለሙከራው ወደ ኋላ ስቤ፣ የፊት ጎማው ላይ ክብደት አልተረፈም። ሌላው ነገር ግን ቶሎ አልገባኝም። እዚያው ጀርባዬ ላይ እንደተኛሁ ቀስ እያለ መጣ። ነጂው ሲቀል ነፋሱ ጎማውን ያነሳዋል። ለካ ከሰውነትሽ የሚጎድለውን በብረት ትተኪ ነበር።

የወንበሩ ቀበቶስ? ጠበቅ እንዲል ቀዳዳ ጨምርልኝ ብለሽኝ፣ ቆዳው ተለጥጦ ነው ብዬ በገዛ እጄ በወስፌ በሳሁልሽ። በወሩ ሌላ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ። ሦስት ቀዳዳ። ጭራሽ ለአባባ ርካሽ ቆዳ ነው የገዛኸው ብዬ አፌዝኩበት። ፊትሽን ቀና ብዬ ሳላይ!

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የአምናው ውድድር ነው። እየመራሽ ሳለ የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ገመዱን ለቀቅሽው። እኔ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እህቴ ነፋስ ትፈራለች አልኩ። መዳፎችሽን ዓይተሽ እጅሽን ኪስሽ ከተትሽ። በሳምንቱ ሄድሽ። ኩራት ነው፣ ሽንፈት አልዋጥ ብሏት ነው ስል ዓመት ሙሉ ከረምኩ። እጅሽ እምቢ ብሎሽ እንደነበር አሁን ነው የገባኝ። ይቅር በይኝ እህቴ።

አባባ ከላይ ሆኖ ምን አገኘህ አለኝ። ሦስቱንም ይዤ ወጣሁ። ምን እንደምል ሳላስብ አፌ ላይ የመጣው፣

“እኔ ነኝ ያስገባሁት፤ ኋላዋ እንዳይነሳብኝ ብዬ” የሚል ነበር።

መፍቻውን ይወረውርብኛል ብዬ ጠበቅሁ። ሦስተኛውን ከረጢት ተቀበለኝ። መነጽሩን አደረገ። አገላበጠው፣ የቋጠሮውን ጫፍ በአውራ ጣቱ ደጋግሞ ዳሰሰው። እኔ ቁልፍ እንኳ መትከል እንደማልችል ካንቺና ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

“ስፌትህ ተሻሽሏል” አለኝና ወጣ። ደጅ ካለው ቧንቧ ሥር ቆሞ ያልቆሸሸ እጁን ሲታጠብ ብዙ ቆየ።

በማግስቱ ወንበሩ የሚበየድበት ቀን ነበር። የብየዳው ጭምብል ቦታው ላይ የለም። ወንበሩ ላይ አራት አዲስ ቡሎኖች ከነዳዶዋቸው፣ ግራሶ ተቀብተው ተደርድረዋል። የወንበሩ ሀዲድም ሁለት ቦታ ተበስቷል፤ አንዱ በእኔ እግር ልክ፣ አንዱ በአንቺ። አባባ ጀርባውን ሰጥቶኝ የበር ብረት ያጥፋል። እኔም በእኔ ልክ አሰርኩት። ከእኔ ወደ አንቺ ለማዛወር አስር ደቂቃ ይበቃል፤ ሞክሬዋለሁ።

ከረጢቶቹ ከወጡ ወዲህ በርሜሉን በአውራ ጣት ትዞራለች፣ ልክ ነበርሽ። ሁለቱ መደርደሪያው ላይ ናቸው። ሦስተኛውን አጣሁት፤ የአባባ ኮት ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በአንድ በኩል ወርዶ ነው የሚውለው።

ቅዳሜ እወዳደራለሁ፤ ባሸንፍም ባላሸንፍም ግድ የለኝም። አባባ ሰኞ ወርክሾፑን እንደሚዘጋ ነግሮኝ፣ የመኪናውን ጎማዎች ለሩቅ መንገድ አዘጋጅ ብሎኛል። ወዴት እንደሆነ አልነገረኝም። አትምጡ ካልሽ ይህን ላመጣልሽ የአውቶብስ ሾፌር ንገሪው። ዝም ካልሽ ግን እንመጣለን፤ አክስታችን ተኝታለች ብትለንም እስክትነቂ በር ላይ እንቀመጣለን።

አንድ ነገር ብቻ አስቸግርሽ። በደብተርሽ ላይ የነጂ ክብደት የሚጻፍበት መስመር ከዓምና ጀምሮ ባዶ ነው። ክብደትሽን ላኪልኝ። የድሮውን ሳይሆን የዛሬውን። ስንትም ይሁን፣ ጋሪዋን በእሱ ልክ እናስተካክላታለን።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ይመልስልሽ፣ እንቅልፍሽን የዕረፍት ያድርገው፣ ለአባባም አንቺን ያቆይለት።

ቀበቶሽን የበሳው ታናሽ ወንድምሽ