የመጨረሻዋ መስመር የማን ናት?

ሰኞ

ጉድ ፈላ! ጫልቱ የመጨረሻዋ መስመር የጋሽ ከድር አይደለችም ትላለች። ትርኢቱ እኮ እሁድ ነው። እሁድ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ለቲያትር ክበባችን ብዬ ከእንግሊዝኛ የተረጎምኩት የድሮ ተውኔት መጨረሻ ላይ ሽማግሌው ጌታ ይሞታል፤ ወንድሙና ሴት ልጁ ሬሳው አጠገብ ይቀራሉ። አሽከሮች የግቢውን በር ሊዘጉ ሲሉ "በሩን አትዝጉት፤ ገና የሚመጣ ሰው አለ" ይባላል፤ አለቀ። እኔ በያዝኩት መጽሐፍ ይህን የሚለው ወንድምየው ነው። ወንድምየውን የሚጫወቱት ጋሽ ከድር ናቸው፤ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ፣ የክበባችን አንጋፋ። ልጅቷን የምትጫወተው ጫልቱ ደግሞ ደራ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ናት፤ ለልምምድ አዳማ ድረስ በሚኒባስ ትመላለሳለች። ዛሬ ከጓደኛዋ የተዋሰችውን ሌላ እትም ይዛ መጣች።

"ቲቸር፣ እዪ እስቲ፤ መስመሯ የኔ ናት!"

አየሁ። እውነቷን ነው። የማተሚያ ስህተት ይሆናል ብዬ ልተወው ነበር፤ ግን ከነከነኝ። መጽሐፉን ተቀብያት መጣሁ።

ማክሰኞ

ስህተት አይደለም!!

ጠዋት ክፍለ ጊዜ ስላልነበረኝ መምህራን ማረፊያ ቁጭ ብዬ መግቢያውን አነበብኩት። መግቢያ የሚባል ነገር የማልወድ ሰው ነኝ፤ ይኼን ግን ሻዬ እስኪቀዘቅዝ ቀና አላልኩም።

ደራሲው በእጁ የጻፈው አንድ ወረቀት እንኳ የለም። ያሉት ሁለት የድሮ እትሞች ናቸው። አንዷ ትንሽና ርካሽ፣ ተውኔቱ ገና ትኩስ እያለ የታተመች፤ እዚያ ላይ የሚናገረው ወንድምየው ነው። ሌላው ትልቅ ጥራዝ፣ ደራሲው ከሞተ በኋላ የወጣ፤ እዚያ ላይ ልጅቷ ናት። ራሱ ሐሳቡን ይቀይር፣ ተዋንያኑ ይቀይሩት፣ የሚያውቅ የለም። ከዚያ በኋላ አርታኢዎቹ በየዘመናቸው ተፈራረቁበት። አንዱ ስንኙ ያነክሳል ብሎ አቃናው። አንዱ እንዲህ ያለ ቃል ለሴት አይመጥንም ብሎ ነጠቃት። (አንተን ምን አገባህ!) አንዱ ከሁለቱም እየቆረጠ ሰፍቶ ደራሲው ጽፎት የማያውቅ ሦስተኛ ተውኔት አወጣ። ኋላ የመጡት ደግሞ የአንዱን እትም ቅጂዎች እየሰበሰቡ ፊደል በፊደል አስተያዩ። ለካ አታሚዎቹ እያተሙ መሀል ላይ ያርሙ ነበር! ከአንድ ማተሚያ የወጡት ቅጂዎች እንኳ እርስ በርስ አይመሳሰሉም። በመጨረሻ "ሁለቱንም እንደየራሳቸው ተዉአቸው" የሚሉ ተነሡ።

ኮሌጅ ሳለሁ ይኼን የነገረኝ ሰው የለም። መጽሐፍ ከሰማይ የወረደ ነበር የሚመስለኝ። ደስታዬን የማካፍለው ሰው አጥቼ ለሒሳብ መምህሩ ነገርኩት። "እና መልሱ ስንት ነው?" አለኝ። ተወው!

ረቡዕ

ልምምድ ላይ እጄን እያወናጨፍኩ ነገርኳቸው። ጫልቱ አጨበጨበች። ጋሽ ከድር እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣

"ወላሂ ጥሩ ታሪክ ነው። ግን እኔ ከቡልቡላ ዘመዶቼን ጠርቻለሁ። የመጨረሻው ተናጋሪ እኔ ነኝ ብያለሁ። አሁን እንደ ምሰሶ ተገትሬ ልቅር?" አሉ።

ሽማግሌ ይግባ ተባለ። ሽማግሌ ሆነው የተቀመጡት ሬሳውን የሚጫወተውና ሁለቱ በር ዘጊዎች ናቸው! የእንግሊዝ ተውኔት አዳማ ላይ ለሽምግልና ቀረበ። ፍርዱ፦ ሁለቱም ይበሉት። ሁሉም ተመራርቆ ተለያየ።

ሐሙስ

ወዮ! ጋሽ ከድር "በሩን አትዝጉት" ሲሉ፣ ጫልቱ ተከትላ "በሩን አትዝጉት" ስትል፣ ሞጆ ሞጆ የሚሉ የሚኒባስ ረዳቶች መሰሉ። ሬሳው ሳይቀር ሳቀ።

ለዚያ ሁለቱን እትሞች ለሰፋው አርታኢ አዘንኩለት። ማንንም ላለማስቀየም ብሎ ይሆናል። ወንድምየው ሲለው ትእዛዝ ነው፤ ልጅቷ ስትለው ልመና ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን አንዱም አይሰማም። መምረጥ ነበረብኝ፤ ልጅቷን መረጥኩ። ተውኔቱን ሙሉ ዝም በይ ስትባል የኖረች ልጅ ናት።

ለጋሽ ከድር ነገርኳቸው። "አብሽሪ፣ ችግር የለም" አሉ፤ ፊታቸው ግን ጠቆረ። የትርኢቱን ካባ አጥፈው ወንበር ላይ አስቀምጠው ወጡ።

ዓርብ

ስልክ አያነሱም። ተተኪ የለንም። ያለ እሳቸው ትርኢት የለም።

ከሞተ ስንት ዘመኑ ለሆነ ደራሲ ብዬ አጠገቤ ያለውን ሰው ላስቀይም? አዳራሹን ደጅ ጠንተው ያስፈቀዱልን እሳቸው ናቸው እኮ።

ከጁምዓ መልስ ሱቃቸው ሄድኩ። ፍሬን ሸራ ለደንበኛ ያሳያሉ። እስኪጨርሱ ቆሜ ጠበቅኩ።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እሷ ስትናገር ወንድምየው ምን እያደረገ ነው? መጽሐፉ አይልም። አንድም አርታኢ አልጻፈውም።"

"ምንም?"

"ምንም።"

አገጫቸውን አሹ። "እንግዲያው እሱ የኔ ነው" አሉ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ!

ቅዳሜ

መጡ! ጫልቱ ስትናገር ጋሽ ከድር ቀስ ብለው ሄደው በሩን በትከሻቸው ደገፉት። በቃ፣ ይኸው ነው። በር ዘጊዎቹ መግፋት ረስተው ፈዘው ቀሩ፤ ተቆጣኋቸው።

እሁድ

ከአዳራሹ አሁን መግባቴ ነው።

አዳራሹ ጢም ብሏል። የቡልቡላ ዘመዶች ፊት ለፊት ተደርድረዋል። ሁሉም እንዳሰብነው ሄደ፤ መጨረሻው ደረሰ። ጫልቱ አፏን ከፈተች፤ እንባ አነቃት። ቃል የለም። በር ዘጊዎቹ እንደታዘዙት መግፋት ጀመሩ። አሁን ጋሽ ከድር ይሉታል፣ መስመራቸውን ይመልሳሉ አልኩ። ማንም አይፈርድባቸውም።

በትከሻቸው በሩን ገትረው፣ ወደ ዘመዶቻቸው ሳይሆን ወደሷ ዞረው፣ "በሩን..." አሉ። ከዚያ ዝም ብለው ጠበቋት።

"አትዝጉት" አለች ጫልቱ። "ገና የሚመጣ ሰው አለ።"

ጭብጨባው! ያገሬ ሰው ተነሥቶ ቆመ። አንዱ የቡልቡላ ዘመዳቸው "የጀመረው የኛ ሰው ነው!" እያለ በየወንበሩ ይዞር ነበር።

ነገ ትርጉሜ በመጽሐፍ ሊወጣ ወደ ማተሚያ ቤት ይሄዳል። አሁን እሱን ከፍቼ ተቀምጫለሁ። የጫልቱን መስመር ለሁለት ከፈልኩት፤ "በሩን" ከሚለው አጠገብ "ወንድም" ብዬ ጻፍኩ። አጠፋሁት። መልሼ ጻፍኩት። ከገጹ ግርጌ ደግሞ በትንንሽ ፊደል፦ "በድሮዎቹ እትሞች የለም። አዳማ ላይ እንዲህ ተባለ።"